«ተመችቶታል» ከማለታችን በፊት፦ የአድሬናል እጢ ሆርሞን ሲበዛ



ዛሬ የምጽፍላችሁ እንደወትሮው የምልክትና የሕክምና ዝርዝር ብቻ አይደለም። የማምንበትን አንድ ሀሳብም ልነግራችሁ ነው። ረዘም ይላል፤ እባካችሁ ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት የ8 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። የመጣችው ለሳል ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ፊቱ ላይ ነው። ፊቱ እንደ ጨረቃ ክብ ብሏል፤ ሆዱ ገፍቷል፤ እጅና እግሩ ግን ቀጭን ነው። «ጎረቤት ሁሉ ‹እንዴት አማረበት! ምን እያበላሽው ነው?› ይለኛል» አለችኝ ደስ ብሏት። ስለ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ ጠየቅኳት። «የአምናው ሱሪ ወገቡ አልዘጋ ብሎ ሁለት ጊዜ አሰፋሁት» አለች። «ቁመቱስ?» ስላት ትንሽ አሰበችና «ቁመቱስ ያው ነው፤ አላጠረውም» አለች።

ያቺ መልስ ናት ያስደነገጠችኝ። በ8 ዓመቱ አንድ ልጅ በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መጨመር አለበት። ወገቡ እየሰፋ ቁመቱ የቆመ ልጅ «የተመቸው» ልጅ አይደለም።

ነገሩ ሲጣራ፣ ከዓመት በፊት ለሳሉ ለ5 ቀን ብቻ ተብሎ የታዘዘለት የፕሬድኒሶሎን ኪኒን ነበር። ኪኒኑ የምግብ ፍላጎቱን ስለከፈተለት እናቱ በዚያው ቀጠለች፤ ሲያልቅ የድሮውን ማሸጊያ እያሳየች ትገዛለች። እሷ ልጇን ለመጥቀም ነው ያደረገችው። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ «ይህ መድኃኒት ከ5 ቀን ካለፈ ይጎዳዋል» ብሎ በግልጽ የነገራት ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ሀሳቤ ይህ ነው፦ የአድሬናል ሆርሞን ሲበዛ ሰውነት ይናገራል። እኛ ግን የሚናገረውን ቶሎ በሚመጣልን ቃል ተርጉመን እናልፈዋለን። ልጅ ሲወፍር «ተመችቶታል»፣ ወጣት ደም ግፊት ሲይዘው «ጭንቀት ነው»፣ ሰው በድንገት ላብ ሲያጠምቀውና ልቡ ሲመታ «ዓይን በልቶት ነው»፣ ሕፃን ሲወለድ ብልቱ ግራ ሲያጋባ ደግሞ «ዝም በሉ፣ ሰው እንዳይሰማ» እንላለን። በእነዚህ ቃላት ምክንያት መዳን የሚችሉ ሰዎች ዓመታት ያጣሉ፤ አንዳንዶቹ ሕይወታቸውን ያጣሉ።

👉 እጢዎቹ የት ናቸው? ምንስ ይሠራሉ?

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። በአማርኛ «እጢ» ስንል ብዙ ሰው ካንሰር ይመስለዋል። እዚህ ላይ እጢ የምለው ሁላችንም ይዘነው የምንወለደውን፣ ሆርሞን የሚያመርተውን የሰውነት ክፍል ነው። አድሬናል እጢዎች ሁለት ናቸው፤ በቀኝና በግራ ኩላሊታችን ራስ ላይ እንደ ቆብ ተቀምጠዋል። የአዋቂ ሰው አንዱ እጢ ክብደቱ ከ4 እስከ 5 ግራም ያህል ነው።

ትንሽ ቢሆኑም ያለ እነሱ መኖር አይቻልም። የውጪው ክፍል ሦስት ዓይነት ሆርሞን ያመርታል፦ ስኳርንና የሰውነትን ጫና የመቋቋም አቅም የሚቆጣጠረው ኮርቲሶል፣ ጨውንና ደም ግፊትን የሚቆጣጠረው አልዶስቴሮን፣ እንዲሁም የወንድ ሆርሞን የምንለው አንድሮጅን (ሴቶችም አላቸው)። የውስጠኛው ክፍል ደግሞ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመታውን አድሬናሊን ያመርታል። ከእነዚህ የትኛውም ሲበዛ የራሱ መልክ ያለው በሽታ ይመጣል።

👉 ኮርቲሶል ሲበዛ (ኩሺንግ)

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1932 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ከጻፈው አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከሃርቪ ኩሺንግ ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

✔ ፊት ክብ መሆን፣ ከማጅራት በታች የስብ ክምችት፣ ሆድ መግፋት፤ እጅና እግር ግን መቅጠን
✔ ሆድ፣ ጭንና ብብት አካባቢ ሰፋ ያለ፣ የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ የቆዳ መሸንተር
✔ ቆዳ መሳሳት፣ በትንሽ ግጭት መበለዝ
✔ ከወንበር ለመነሳት ወይም ደረጃ ለመውጣት ጉልበት ማጣት
✔ አዲስ የጀመረ ስኳርና ደም ግፊት፣ የአጥንት መሳሳት
✔ የወር አበባ መዛባት፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት
✔ በልጆች ላይ ክብደት እየጨመረ ቁመት መቆም

የመጨረሻዋን ወላጆች በደንብ ያዙልኝ። አብዝቶ በመብላት ብቻ የወፈረ ልጅ ብዙውን ጊዜ ቁመቱም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ከእኩዮቹ ሊረዝም ይችላል። እየወፈረ ቁመቱ የቆመ ልጅ ግን መመርመር አለበት።

መንስኤው ምንድን ነው? በብዛት የሚታየው ከእጢው ሳይሆን ከመድኃኒት የሚመጣው ነው። ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል የሚባሉት ሁሉ እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩ ስቴሮይዶች ናቸው። ለመወፈር ተብለው የሚዋጡ ኪኒኖች፣ ፊት ለማቅላት ተብለው በየሱቁ የሚሸጡ ወይም ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጡ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ዳይፐር ያቆሰለው ሕፃን ላይ ለሳምንታት የሚቀባ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት እንኳ በቆዳው ገብቶ ሕፃኑን ለኩሺንግ ሊዳርገው ይችላል።

ከሰውነት ውስጥ ሲመጣ ደግሞ፣ በአዋቂዎች ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከአንጎል ሥር ባለው ፒቱታሪ እጢ ላይ የሚወጣ ትንሽ እብጠት ነው። ይህ እብጠት አድሬናልን «አምርት፣ አምርት» እያለ ያዘዋል። አንዳንዴ እብጠቱ ራሱ አድሬናል ላይ ይሆናል። ምርመራው የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀምን፣ የሌሊት የምራቅ ምርመራን፣ ወይም ማታ 5 ሰዓት ላይ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ተውጦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚሰጥ የደም ምርመራን ያካትታል። ሕክምናው በአብዛኛው እብጠቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የተኛው ጤናማ እጢ እስኪነቃ ለወራት ሃይድሮኮርቲዞን መውሰድ ያስፈልጋል።

⚠️ እዚህ ላይ በጣም የምለምናችሁ ነገር አለ። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ ዛሬ ማታ ኪኒኑን እንዳይጥል! መድኃኒቱ ከውጭ ሲገባ የራሳችን እጢ ሥራ ፈትቶ ይተኛል። ከ3 ሳምንት በላይ የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ያለ ኮርቲሶል ይቀራል፤ ማስመለስ፣ አቅም ማጣት፣ የደም ግፊትና የስኳር መውረድ፣ ከዚያም ራስን መሳትና ሞት ሊከተል ይችላል። ያ የ8 ዓመት ልጅም መድኃኒቱን የተወው በሐኪም ክትትል፣ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰለት ነው።

ሁለተኛ ልመናዬ፦ ስቴሮይድን ሁሉ አትፍሩ። በሐኪም ሲታዘዝ ሕይወት አድን ነው። አስም ያለበት ልጅ በየቀኑ የሚስበው ፓፍ መጠኑ ትንሽ ነው፤ በዋናነት የሚሠራውም ሳንባ ላይ ነው። ፓፉን በራሳችሁ አታቁሙ።

👉 አልዶስቴሮን ሲበዛ፦ «ጭንቀት ነው» የምንለው ደም ግፊት

አሁን ደግሞ የራሴን ስህተት ልናዘዝ። አንድ የ32 ዓመት መምህር ለሁለት ዓመት በደም ግፊት ይከታተለኝ ነበር። ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደ ግፊቱ 160/100 ላይ ቆሟል። «ጨው ቀንስ፣ አትጨነቅ» አልኩት። በልቤም «መድኃኒቱን በትክክል አይወስድም ይሆናል» ብዬ ጠረጠርኩት። እሱ ግን «ዶክተር፣ ማታ ማታ ሽንት ሦስት አራት ጊዜ ይቀሰቅሰኛል፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍም እጄ ይዝላል» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን የደሙን ፖታሲየም አየሁ፤ 2.8 ነበር። ጤናማው ከ3.5 በላይ ነው። ተጨማሪ ምርመራ ሲደረግ የግራ አድሬናሉ ላይ አልዶስቴሮን የሚያመርት ትንሽ እብጠት ተገኘ። እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ዛሬ በአንድ ኪኒን ብቻ ግፊቱ ተስተካክሏል።

ያ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ እውነቱን እየነገረኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ሀሳብ ስጽፍ እናንተን ብቻ እየወቀስኩ አይደለም።

አልዶስቴሮን ሲበዛ ኩላሊት ጨውን ይይዛል፣ ፖታሲየምን በሽንት ይጥላል። በሽታውን ጄሮም ኮን የተባለ ሐኪም በ1955 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው የኮን በሽታ ይባላል። ብርቅ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ዛሬ ግን ደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት፣ በመድኃኒት አልስተካከል ካላቸው ደግሞ ከ5 አንዱ ያህል እንዳለባቸው ይታወቃል። ፖታሲየማቸው ያልወረደም ብዙ ናቸው። ሌላው ሳይታወቅ የሚያልፈው ነገር፣ ግፊቱ እኩል ቢሆን እንኳ ይህ በሽታ ልብንና አንጎልን ከተራው ደም ግፊት የበለጠ መጉዳቱ ነው።

ማን ይመርመር?

✔ ከ40 ዓመት በታች ሆኖ ደም ግፊት የጀመረው
✔ ሦስት መድኃኒት እየወሰደ ከ140/90 ያልወረደለት
✔ ፖታሲየሙ የወረደ
✔ አድሬናሉ ላይ እብጠት የታየበት
✔ በቤተሰቡ በወጣትነት ደም ግፊት ወይም ስትሮክ የታየበት

በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንዶክራይን ሶሳይቲ መመሪያ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ ቢመረመር ይመክራል። ምርመራው አልዶስቴሮንንና ሬኒንን ከደም ለክቶ ማወዳደር ነው። እብጠቱ አንድ ወገን ላይ ከሆነ እጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል። ሁለቱም እጢዎች ከሆኑ ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ኪኒን ይሰጣል። ይህ መድኃኒት የቆየ ነው፤ በአገራችንም ለልብ ሕመምተኞች በሰፊው ይታዘዛል። ፖታሲየምን ከፍ ስለሚያደርግ ግን የደም ክትትል ይፈልጋል፤ አንዳንድ ወንዶች ላይ የጡት ማበጥ ያመጣል፤ እርጉዝ ሴት አትወስደውም። ከጎረቤት ተውሶ የሚዋጥ አይደለም።

👉 አድሬናሊን ሲበዛ (ፊዮክሮሞሳይቶማ)

ይህኛው ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ካልታወቀ በድንገት ይገድላል። ምልክቱ የሚመጣው በየመሀሉ ነው፦ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ድንገተኛ ላብ፣ የልብ ምት። ሰውየው ይገረጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሞት የመጣበት ይመስለዋል። ከደቂቃዎች በኋላ ይለቀዋል። ሲለቀው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ግፊቱም ደህና ሆኖ ይገኛል። ከዚያ «ጭንቀት ነው» ወይም «ዓይን በልቶት ነው» ይባላል።

ጠበል መሄድ፣ ጸሎት ማድረግ የእያንዳንዱ ሰው እምነት ነው፤ አልቃወምም። እኔ የምለው፣ እየሄዳችሁ መድኃኒት አታቋርጡ፣ ምርመራም አትተዉ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ፦ ልክ ሲነሳበት ግፊቱን ለኩና ሰዓቱን ጻፉ። ያ ወረቀት ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። ምርመራው ሜታኔፍሪን የሚባለውን በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት መለካት ነው። ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ግን ቢያንስ ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት ግፊቱን የሚያረጋጋ ልዩ መድኃኒት መወሰድ አለበት። አንዳንዶቹ በዘር የሚተላለፉ ስለሆኑ ቤተሰብም ሊመረመር ይችላል።

👉 ከልደት የሚጀምረው፦ ዝምታ የሚገድለው

በመጨረሻ ለወላጆች ከሁሉም በላይ ማለት የምፈልገው ይህንን ነው። አንዳንድ ሕፃናት ኮርቲሶል ለመሥራት የሚያስፈልግ ኢንዛይም ጎድሏቸው ይወለዳሉ። አንጎል «ኮርቲሶል አምጣ» እያለ ያዛል፤ እጢው ግን ኮርቲሶሉን መሥራት ስለማይችል ያለውን ጥሬ ዕቃ ወደ ወንድ ሆርሞን ይቀይረዋል። በመሆኑም አንዱ ሆርሞን ይጎድላል፣ ሌላው ይበዛል።

ሴት ሕፃን ስትወለድ ብልቷ የወንድ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ማህፀኗና የእንቁላል ማምረቻዋ ግን ጤናማ ነው። ወንዱ ሲወለድ ምንም ላይታይበት ይችላል። ከዚያም ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስመለስ፣ ጡት አለመጥባት፣ ክብደት መቀነስ፣ መድከም ይጀምራል። ጨው ከሰውነቱ እየወጣ ነው። «ተቅማጥና ትውከት ነው» ወይም «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለ ሕፃኑ ሊሞት ይችላል። ቀለል ባለው ዓይነት ደግሞ ልጁ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ የብልት ፀጉር ያበቅላል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ ይረዝማል። ቤተሰብ «ጎበዝ፣ ቶሎ አደገ» ይላል። አጥንቱ ግን ቀድሞ ስለሚዘጋ ሲያድግ አጭር ሆኖ ይቀራል።

የሕፃኑ ብልት ግራ ሲያጋባ ቤተሰብ ይደነግጣል፣ ያፍራል፣ ይደብቃል። እናትየዋ ትወቀሳለች። እባካችሁ ስሙኝ፦ ይህ እርግማን አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም። ጉድለቱ የሚወረሰው ከእናትም ከአባትም እኩል ነው፤ ሁለቱም ምንም ሳያማቸው ተሸካሚ ሆነው ሲገናኙ በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕድል ይኖራል። ቀድሞ ምክንያቱ ሳይታወቅ በጨቅላነቱ የሞተ ልጅ ከነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ስም ለማውጣትና ጾታውን ለመናገር አትቸኩሉ። በዚያው ቀን ሕፃኑ በሕፃናት ሐኪም ይታይ። የደም ምርመራ አለው፤ መድኃኒትም አለው፤ ሃይድሮኮርቲዞንና ፍሉድሮኮርቲዞን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ልጅ ይማራል፣ ያድጋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ትኩሳት ሲይዘው ሐኪሙ ባስተማራችሁ መሠረት የሃይድሮኮርቲዞኑ መጠን በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ ይጨመራል፤ ካስመለሰው በፍጥነት ሐኪም ቤት በመርፌ ይሰጠዋል። ትኩሳት ያለበትን ልጅ መድኃኒት አስቁሞ መጠበቅ ፈጽሞ አይገባም።

👉 «ዶክተር፣ ምርመራው እኮ ውድ ነው»

ልክ ናችሁ። የሆርሞን ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ፍሉድሮኮርቲዞንን የመሰለ መድኃኒት ፈልጎ ማግኘት ራሱ የቤተሰብ ፈተና ነው። ይህን የምታውቁ ወላጆች መድኃኒቱ ሊያልቅ ሳይሆን ገና ወር ሲቀረው መፈለግ እንደምትጀምሩ አውቃለሁ።

ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ ውድ አይደለም። የልጅን ቁመት በር ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ደም ግፊት መለካት ርካሽ ነው። የፖታሲየም ምርመራ በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራል። የምትወስዱትን መድኃኒትና የምትቀቡትን ክሬም ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ መምጣት ነፃ ነው። ውዱን ምርመራ የምንጠይቀው እነዚህ ካመለከቱን በኋላ ነው። ለአሥር ዓመት የማይሠራ ኪኒን መግዛት፣ በ40 ዓመት በስትሮክ አልጋ ላይ መዋልስ ዋጋው ስንት ነው? ዋጋውን ስናስላ ይህንንም እንቁጠር።

👉 ከዛሬ ጀምሮ ምን ላድርግ?

1. የልጆቻችሁን ቁመት በየ6 ወሩ ለኩ። እየወፈረ ቁመቱ የቆመ፣ ወይም ሴት ከ8 ዓመት፣ ወንድ ከ9 ዓመት በፊት የጉርምስና ምልክት ያሳየ ልጅ ይመርመር።
2. «የሚያወፍር» ኪኒንና «የሚያቀላ» ክሬም አትግዙ፤ ለሰውም አትላኩ። የጀመራችሁ ካላችሁ በድንገት ሳታቆሙ ወደ ሐኪም ሂዱ።
3. ከ40 ዓመት በታች ደም ግፊት ከያዛችሁ፣ ወይም በሦስት መድኃኒት ካልተስተካከለ፣ ሐኪማችሁን «ከአድሬናል ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም።
4. በሌላ ምክንያት በተነሳ ሲቲ ስካን «አድሬናል ላይ እብጠት አለ» ከተባላችሁ አትደናገጡ፤ አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም። ግን ሆርሞን ያመርት እንደሆነ ሳይጣራ አይታለፍ።
5. በየቀኑ ስቴሮይድ የምትወስዱ ሁሉ ይህንን የሚገልጽ ወረቀት ኪሳችሁ ይኑር። በጾም ወቅት ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ እንጂ መድኃኒቱን አትዝለሉ።

ያ የ8 ዓመት ልጅ ባለፈው ሰሞን ለክትትል መጥቶ ነበር። ፊቱ ቀጥኗል። እናቱ ከመግባቷ «ጎረቤቶቹ አሁን ደግሞ ‹ምነው ከሳ?› ይሉኛል» አለችኝ። ቁመቱን ለካሁት፤ 3 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። «ሱሪው አጠረው በያቸው» አልኳት።

ጽሑፉ ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት፤ ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ በአካል የሚደረግን ምርመራ አይተካም።